ከግራ ስድስተኛዋ

«እሱ እንደሆነ የሚቆመው ከካሜራው ኋላ ነው። ሥዕሉ ውስጥ አይገባም።»

ይህን ያሉት የቀድሞ አማቴ አባባ ሽጌዞ ናቸው። እኔ ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ደወሉን ለመጫን ጣቴን አንሥቼ ነበር። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። የማድ ቤቱ መስኮት ገርበብ ብሎ ስለተከፈተ የዘይቱ ሽታና ንግግራቸው አብሮ ይወጣል። የቀድሞ ሚስቴ ሳዋኮ የመለሰችላቸው አልተሰማኝም፤ ሳህን ከሳህን ሲጋጭ ብቻ ሰማሁ። ቀጥለው እናቷ እማማ ፉሚኤ፣ «ልጅቷ ከጠየቀች የካሜራ ሱቅ ሰውዬ ነው እንላታለን፤ ውሸትም አይደል» አሉ። ጣቴን እንዳነሣሁ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ወዲያው ብደውል እንደሰማሁ ያውቃሉ ብዬ ነው። ከዚያ ደወልኩ።

የጠሩኝ ከሦስት ቀን በፊት ነው። የምሠራው በካዋጉቺ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው ትልቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቪዲዮ ካሜራ የሚሸጥበት መደዳ ላይ ነው። የትምህርት ቤቶች የስፖርት ቀን ሲቃረብ የከተማው አባት ሁሉ እዚያ ይሰለፋል። እማማ ፉሚኤ በዚያ ግርግር መካከል ስልክ ደውለው በስሜ አስጠሩኝ። የሳዋኮ ባል ኩኒሂኮ ለዚሁ ቀን ብሎ ካሜራ ገዝቶ ነበር፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ናጎያ ድረስ ሄዶ የተበላሸ ማሽን እንዲጠግን አዘዘው። ሳዋኮ ራሷ በወላጆች ኮሚቴ ተመድባ ቀኑን ሙሉ የመጀመሪያ እርዳታው ድንኳን ውስጥ ትውላለች። የአባባ ሽጌዞ እጅ ይንቀጠቀጣል። እማማ ፉሚኤ ደግሞ የስልክ ቁልፍ እንኳ እየፈሩ ነው የሚነኩት። «ለአንተ ሥራህ ነው» አሉኝ። «ከልጅቷ ጋር ወሬ የለም። ትቀርጽና ካሜራውን ሰጥተኸን ትሄዳለህ። ደህና አድርገህ ከሠራህ ለከርሞም እንጠራህ ይሆናል።» ልጄን ቺሆን ከሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ ጀምሮ አይቻት አላውቅም። አሁን ሰባት ልትሞላ ነው፤ አንደኛ ክፍል ገብታለች። እኛ አገር ባልና ሚስት ሲፋቱ ልጅ ከአንዳቸው ጋር ይሆንና ሌላው ዘወር ይላል፤ እኔም እንደ ሰው ዘወር ብዬ ነበር። «ለከርሞም» የምትለዋን ቃል ግን ሦስት ቀን ሙሉ ይዣት ዞርኩ። ዕቃ ስሸጥ፣ ባቡር ስጠብቅ፣ ጥርሴን ስፍቅ፣ ለከርሞም።

እማማ ፉሚኤ ካሜራውን ከነሳጥኑ አምጥተው መግቢያው ላይ፣ ከጫማዎቹ አጠገብ አስቀመጡት። ግባ ያለኝ የለም፤ እኔም ጫማዬን አላወለቅሁም። ድሮ «እማዬ» እላቸው ነበር። አሁን ምን ብዬ እንደምጠራቸው ስለማላውቅ ሳልጠራቸው ነው የማናግራቸው። ከቆምኩበት ሆኜ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለ የፎቶ ፍሬም ጠርዙ ይታየኛል፤ ፎቶው ግን አይታየኝም። አንገቴን ትንሽ ባሰግግ አየው ነበር። አላሰገግሁም። አንድ ፎቶ አሳዩኝ ብሎ መጠየቅም ልጁን የማያውቅ አባት መሆኔን በአፌ መናገር መሰለኝና ተውኩት። ከጫማዎቹ መካከል አንድ ጥንድ ትንሽ ነጭ የስፖርት ጫማ አለ፤ ማሰሪያው ገና አዲስ ነው። ቺሆ ፎቅ ላይ ተኝታለች አሉ። ሳዋኮ ከማድ ቤት ብቅ ብላ በጭንቅላቷ ሰላም አለችኝና እጇ ላይ ያለውን የሩዝ ፍርፋሪ እያራገፈች ተመለሰች።

ሳጥኑ ላይ የዋጋው ወረቀት አልተነሣም፦ ዘጠና ስምንት ሺህ የን። እኛ ዘንድ በዘጠና አራት ሺህ ከስምንት መቶ ነበር፤ ለሚቀጥለው ግዢ የሚታሰብ አሥር በመቶም አለው። አፌን ያዝኩ። ባትሪው ባዶ እንደሚሆን ስለማውቅ ከመደብሩ ትርፍ ባትሪ ገዝቼ፣ ቤቴ ሞልቼ ነበር የመጣሁት። እሱን ከትቼ ስከፍተው ስክሪኑ በራና የራሴን ጉልበትና የጫማ መደርደሪያውን አሳየኝ።

«ጥሩ ነው?» አሉ አባባ ሽጌዞ ከኋላ መጥተው።

ይህን ጥያቄ በቀን አርባ ጊዜ እጠየቃለሁ። ዓይን አፋር ነኝ፤ ስለ ሌላ ነገር ሦስት ቃል መደርደር ያቅተኛል። ስለ ካሜራ ሲሆን ግን አፌ ይፈታል። መጀመሪያ ጥንካሬውን እናገራለሁ፣ ከዚያ ጉድለቱን። አለቃዬ ጉድለቱን ዝለለው ይለኛል፤ አንድም ቀን ዘልዬው አላውቅም። «ጥሩ ነው» አልኳቸው። «ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ በትልቅ ቴሌቪዥን ሲያዩት የሣሩ ቅጠል ይቆጠራል። ቀላል ነው፤ በአንድ እጅ ይያዛል። የሰው ፊት ሲያገኝ ቢጫ ካሬ ያበጅበትና ብርሃኑን ራሱ ያስተካክላል። አብሮት የመጣው ዲስክ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ደግሞ ያልተፈለገውን ይቆርጣል፣ ድምፅ ያጠፋል፣ ሙዚቃ ይጨምራል።»

«ጉድለቱስ?»

«ቀላል ስለሆነ እጅ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ይጠቁራል። ባትሪው አንድ ሰዓት ተኩል ይሠራል ይላል፤ ከአርባ ደቂቃ አያልፍም። ማይክሮፎኑም ከሩቅ ሰው ይልቅ ካሜራውን የያዘውን ነው አጥርቶ የሚሰማው።»

«ታዲያ ምኑ ነው ጥሩው?» አሉና ሳቁ። እማማ ፉሚኤ አልሳቁም። ትምህርት ቤቱ ለየወላጁ የላከውን ወረቀት እጄ ላይ አደረጉልኝ። ወረቀቱ ላይ የሜዳው ሥዕል አለ፤ የአንደኛ ክፍል ልጆች ለዳንሱ የሚሰለፉበት መሥመር በነጥብ ተቀምጧል፤ ከነጥቦቹ አንዱ ከፊት ረድፍ፣ ከግራ ስድስተኛው፣ በቀይ እስክሪብቶ ተከብቧል። ከሥሩ «ሩጫ፦ ሰባተኛ ቡድን፣ ሦስተኛ መሥመር» ተብሎ ተጽፏል። «እንግዲህ አደራ» አሉኝ።

ትምህርት ቤቱ ስደርስ በሩ ገና አልተከፈተም። ሰባ የሚሆኑ አባቶች የሚነጠፍ ሰማያዊ ላስቲካቸውን በብብታቸው ይዘው፣ እንቅልፋቸውን ሳይጠግቡ ተሰልፈዋል። አንዳንዱ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነው ያለው። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ የሚታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ አስተማሪ በሩን ከፈተና «እባካችሁ አትሩጡ» አለ፤ ሁላችንም እንደማይሮጥ ሰው አካሄዳችንን አፈጠንን፣ ከዚያም ሮጥን። ብዙው ወደ ርእሰ መምህሩ ድንኳን በኩል ነው የሄደው፤ ልጆቹ መጀመሪያ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደዚያ ስለሆነ። እኔ ግን ሥራዬ ነው። ከዚያ በኩል የሚቀርጽ ሰው ጠዋቱን ሙሉ ፀሐይን ከፊት ለፊቱ እንደሚያገኛት፣ የልጁ ፊት ጥላ እንደሚሆንበት፣ ሰኞ መጥቶም «ካሜራው ጨለማ ነው የሚያሳየው» ብሎ እንደሚጨቃጨቀኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ተቃራኒውን ያዝኩ። ፕሮግራሙ ላይ ልጆቹ በዳንሱ አጋማሽ ላይ ወደዚህ እንደሚዞሩ ተጽፏል። ፀሐይዋ ከኋላዬ ናት። ላስቲኬን አነጠፍኩ፤ በአራቱ ማእዘን ድንጋይ ጫንኩበት፤ ደስ አለኝ።

አጠገቤ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን እየታገለ ነበር። ኩማጋይ እባላለሁ አለኝ፤ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ልጁ አራተኛ ክፍል ነው። ካሜራዬን አይቶ ዓይኑን አልነቅል አለ።

«አዲሱ ነው አይደል? ዙሙ ስንት ይደርሳል?»

«ሳጥኑ ላይ መቶ ሃምሳ እጥፍ ይላል። እውነተኛው አሥራ ሁለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥዕሉን መለጠጥ ነው።»

«አንተ ሰውዬ ሻጭ ብትሆን በረሃብ ትሞታለህ።»

«ሻጭ ነኝ።»

ሰውዬው ሳቁ አላቆም አለ፤ የማቆሚያው አንዱ እግር ከእጁ አምልጦ እግሩ ላይ ወደቀ፤ እሱም አሳቀው። ከዚያ «ልጅህ የቱ ነው?» አለኝ። ወረቀቱን አሳየሁትና «ከግራ ስድስተኛዋ» አልኩት።

«በቁጥር ነው እንዴ የምታውቃት? እኔ የእኔን ጉድ በጩኸቱ ነው የምለየው፤ ካሜራም አያስፈልገኝም ነበር። ሚስቴ ናት ግዛ ያለችኝ።»

ውኃ ጠጣሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ ከትንሽ በኋላ ደግሜ አየሁ። ካሜራውን ከፍቼ ዘጋሁ። ካርዱ መግባቱን ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። በአራት ሰዓት ተኩል የአንደኛ ክፍል ልጆች እየተንጋጉ ወጡ፤ ነጭ ቲሸርት፣ ጥቁር ሰማያዊ ቁምጣ፣ አገጫቸው ሥር በላስቲክ የተያዘ ቀይ ኮፍያ፣ በሁለት እጃቸው የወርቅ ቀለም ያለው የላስቲክ ዘርፍ። አንድ መቶ ሃያ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ልጅ ይመስላል። ከፊት ረድፍ፣ ከግራ ቆጠርኩ። ስድስተኛዋን አገኘኋትና ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ።

መጀመሪያ ጀርባዋን ነው የያዝኩት። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጀርባዋን ብቻ። ቀጭን አንገት፣ ከኮፍያው ሥር ያመለጠ ፀጉር፣ ከልኳ የሰፋ ቁምጣ። ወደ ቀኝ ሲሉ ወደ ግራ ትሄድና የጎረቤቷን አይታ ትመለሳለች። እኔም ልጅ ሳለሁ እንደዚሁ ነበርኩ፤ ሁልጊዜ አንድ ምት ወደኋላ። ይህን ከማን ወሰደችው ብዬ ደረቴ ሞላ። ስክሪኑ በፀሐዩ ጠቁሮ ስለነበር ባርኔጣዬን አውልቄ ጥላ አደረግሁለት፤ ጭንቅላቴ ተቃጠለ። ከዚያ ሙዚቃው ተለወጠና ልጆቹ በአንድ ጊዜ ዞሩ። ቢጫው ካሬ ወዲያው ፊቷን አገኘውና ያዘው። የፊት ጥርሶቿ ሁለቱ የሉም። እርምጃዋን ስትቆጥር ምላሷን በዚያ ክፍተት ታወጣለች። አገጯ የሟች እናቴ አገጭ ነው፤ እንዲያ ነበር የመሰለኝ፤ ምዬ መናገር እስክችል ድረስ የእናቴ አገጭ ነበር። ሁለት ደቂቃ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ ማይክሮፎኑ እንዳይሰማኝ። ሙዚቃው ሲያልቅ ዘርፏን ወደ ላይ ወርውራ አልቀለብ ሲላት ሳቀች፤ እኔም ያንን ሳቅ ይዤ ቁልፉን ተጫንኩ። አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ ቀርጬ አላውቅም።

በስድስት ሰዓት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ምሳ እንዲበሉ ተለቀቁ። እማማ ፉሚኤና አባባ ሽጌዞ ምሳውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደያዝኩት ቦታ መጡ። ልነሣ ስል እማማ ፉሚኤ ዙሪያውን አይተው «ተቀመጥ፤ ሰው ያያል፤ ብላ» አሉኝ። ላስቲኩ ጠርዝ ላይ፣ እግሬን ከነጫማው ወደ ውጭ አውጥቼ ተቀመጥኩ። የሩዝ ድቡልቡል፣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ በትንሹ የተቆረጠ ፖም። አንድ ድቡልቡል ያዝኩና መንከሱን ረሳሁት። ከሜዳው ወዲያ ወዲህ የሚሮጡትን ቀይ ኮፍያዎች እያየሁ ጥርሰ ወላቃዋን እጠብቃለሁ። ስትመጣ ምን ዓይነት ፊት እንደማሳይ እያሰብኩ ነበር። ባየኋት ጊዜ ዓይኔን ልስበር? ወይስ እንደ ማንኛውም የሱቅ ሰው ፈገግ ልበል?

«አያቴ፣ አያችሁኝ? ሳልሳሳት ጨረስኩ እኮ።»

አንዲት ልጅ መጥታ መካከላችን ዱብ አለች። እኔ ከእሷ ኋላ ያለችውን ልጅ ነበር የምፈልገው። ከኋላዋ ማንም የለም። ልጅቷ ኮፍያዋን አውልቃ ላቧን በክንዷ ጠረገች። ጥርሶቿ ሙሉ ናቸው። የግራ ቅንድቧ ላይ፣ ወደ ጫፉ፣ ፀጉር የማይበቅልበት የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለች። ያችን ጠባሳ አውቃታለሁ። በአንድ ዓመት ከሁለት ወሯ ከአጭሩ ጠረጴዛችን ማእዘን ጋር ተጋጭታ፣ ሐኪም ቤት እስክንደርስ ድረስ በፎጣ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ አየሁት። የሜዳው ሥዕል ግርጌ ላይ፣ በትንሽ ፊደል፣ «ከርእሰ መምህሩ ድንኳን በኩል ሲታይ» ይላል። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነበርኩ። የእኔ የፊት ረድፍ ለእነሱ የመጨረሻው ነው፤ የእኔ ግራም ለእነሱ ቀኝ። አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ የሰው ልጅ አቅፌ ነበር።

«ይሄ ማነው?» አለች ቺሆ፣ አፏ በዶሮ ሞልቶ።

«የካሜራ ሱቅ ሰውዬ ነው» አሉ እማማ ፉሚኤ። «አባትሽ ስለሌለ እሱ ይቀርጽሻል።»

«ዳንሱን አሳየኝ።»

«ሲያሳይ ባትሪ ይበላል» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ባትሪው ግማሽ ቀርቶታል። ግን እውነት ልናገር ብዬ አልነበረም የተናገርኩት። ሩዙን ነከስኩ። አሁን ባሳያት እዚሁ ላስቲክ ላይ፣ በአያቶቿ ፊት፣ ይህቺ እኔ አይደለሁም ትላለች። ከርሞ የሚባለው ነገርም እዚያው ያበቃል።

«ታዲያ ካሜራው መጥፎ ነው?»

«ጥሩ ነው። ግን ጉድለት አለው።»

«ምን?»

አባባ ሽጌዞን አየኋቸው። አንድ ቁራጭ እንቁላል ላይ አቀርቅረዋል። እማማ ፉሚኤ የቴርሞሱን ክዳን ያጠብቃሉ፤ ቀድሞም ጠብቆ ነበር። «ፊት ሲያገኝ ይይዛል» አልኳት፤ «የማን ፊት እንደሆነ ግን አያውቅም።»

«እኔንም አያውቀኝም?»

«አያውቅሽም።»

አላምጣ ዋጠች። እንደ ሳዋኮ ነው የምታስበው፤ ቅንድቧን ሰብስባ። «ታዲያ ንገረዋ» አለች። «ስሮጥ ስሜን ጥራልኝ፤ ያኔ ያውቀኛል። አባዬም ሲቀርጽ እያወራ ነው። ይሰማል አይደል?»

«ከሁሉም አጥርቶ የሚሰማው የያዘውን ሰው ነው።»

«በቃ» አለችና አንድ ቁራጭ ፍሬ አንሥታ ሮጠች። የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ላስቲኩ ተጨማዶ ቀረ። ከጎናችን ኩማጋይ ልጁን «ሽንኩርቱን አትልቀም» እያለ ይቆጣል። በመጨረሻ አባባ ሽጌዞ «ልጅ የማይለው ነገር የለም» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልገባኝም። ሻይ ቀድተው ክዳኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሩጫው ተጀመረ። ስድስት ስድስት ሆነው፣ ሃምሳ ሜትር፣ መጨረሻው ከእኛ ፊት ለፊት ነው። የማስጀመሪያው ሽጉጥ በተተኮሰ ቁጥር አንድ ቡድን ይጎድላል። ብጠራት የገባሁትን ቃል አፈረስኩ፤ ባልጠራት ልጅቷ የጠየቀችኝን አንድ ነገር ነፈግኋት። ተነሣሁ፤ ቁጭ አልኩ፤ እንደገና ተነሣሁ። ኩማጋይ «ወንድሜ፣ ሽንት ከያዘህ ሂድ፤ ቦታህን እጠብቅልሃለሁ» አለኝ። ሰባተኛው ቡድን መሥመሩ ላይ ሲቆም ሦስተኛዋን በዙሙ አቀረብኳት፤ ጠባሳዋ ከኮፍያው ጥላ ሥር ነበረች። ቢጫው ካሬ ከእሷ ወደ ጎረቤቷ፣ ከጎረቤቷ ወደ አስተማሪው ይዘላል። ማንም ይሁን ማን ግድ የለውም። «ቺሆ» አልኩ። ለካሜራው ብቻ የምነግረው ያህል ነበር፤ ከንፈሬ ማይክሮፎኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በዚያች ቅጽበት ተተኮሰ።

እስከ መሃል ድረስ ሁለተኛ ነበረች። ከዚያ የአንዱ ጫማ አዲሱ ማሰሪያ ተፈታ፤ ጫማው ወለቀ፤ ተንገዳገደች። ወደኋላ ዞራ ጫማዋን አየችው። ሊያነሡ የሚመለሱ ልጆች አሉ፤ ቆመው የሚያለቅሱም አሉ። «ቺሆ፣ ተይው፣ ሩጪ» አልኩ፤ አልኩ ማለት እንኳ አይገልጸውም፤ ኩማጋይ ዘሎ ዞሮ አየኝ። ስክሪኑ ጠቁሮ ምንም አይታየኝም ነበር። ጭንቅላቴን ከካሜራው አንሥቼ በገዛ ዓይኔ አየኋት፤ እጄ የት እንዳለ ረሳሁት። ስሟን ስንት ጊዜ እንደጠራሁ አላውቅም። በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ሮጣ አራተኛ ወጣች። የጨረሱት ልጆች ሲሰለፉ አንገቷን መዝዛ እኔን ፈለገችኝና፣ ከሩቅ ጆሮዋን ይዛ በጣቷ ካሜራውን አመለከተች። ሰማ ወይ ማለቷ ነው። ጭንቅላቴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው እየተበተነ፣ አባቶች ድንኳን እያወረዱ ሳለ፣ ብስክሌቴን ካቆምኩበት አጥር አጠገብ እማማ ፉሚኤና ሳዋኮ መጡ። አባባ ሽጌዞና ቺሆ ጫማዋን አስተማሪዎቹ ዘንድ ሊፈልጉ ሄደዋል። አሥር ሰዓት ላይ ሥራ መግባት ነበረብኝ። ካሜራውን ሰጥቼ መሄድ እችል ነበር፤ ስሕተቴን የሚያውቁት ቤት ገብተው፣ ኩኒሂኮ መጥቶ፣ ሁሉም ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጡ ነው። ያኔ እኔ አልኖርም። ግን በአርባ ደንበኛ ፊት በቀን አርባ ጊዜ ያደረግሁትን ማድረግ አሁን ብቻ ሊያቅተኝ አይገባም ብዬ ስክሪኑን ከፈትኩ።

«ዳንሱ ላይ ያለችው ቺሆ አይደለችም» አልኩ። «ወረቀቱን ገልብጬ ነው ያነበብኩት። ሌላ ልጅ ነው የቀረጽኩት።»

ሳዋኮ የኮሚቴውን ጨርቅ ከክንዷ ሳታወልቅ ካሜራውን ተቀበለችኝ። አራቱን ደቂቃ እስከ መጨረሻው አየችው። ጀርባዋን፣ ዞራ ስትመጣ ፊቷን፣ ዘርፉን ስትወረውር። ሲያልቅ «አካኔ ናት» አለች፤ «የጎረቤታችን ልጅ። እናቷ ብቻዋን ነው የምታሳድጋት፤ ካሜራ የላትም። ቀድቼ እሰጣታለሁ።» ካሜራውን ለእናቷ አቀበለች። «በደንብ ቀርጸሃታል» አለችኝ ሳታየኝ። ጥቂት እርምጃ ሄደችና መለስ ብላ፣ «ሁሉም አንድ ዓይነት ኮፍያ ነው ያደረጉት» አለች። ከዚያ ወደ ድንኳኗ ሄደች።

እማማ ፉሚኤ ሩጫውን አሳየኝ አሉ። ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ «ቺሆ» የሚል ሹክሹክታ መጣ፤ ተኩሱም፣ ሙዚቃውም፣ የሰዉም ጩኸት ከእሱ ሥር ነበር። ከዚያ ጫማው ሲወልቅ ሥዕሉ ዘመመ፤ ልጅቷ አንድ ጊዜ ከዳር ወጥታ እንደገና ገባች። ድምፄ ግን አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ቺሆ፣ ቺሆ፣ ቺሆ፣ እስከ መጨረሻው። የማውቀው ድምፅ አልመሰለኝም። እማማ ፉሚኤ ካሜራውን በሁለት እጃቸው ይዘው ካለቀ በኋላም ጨለማውን ስክሪን ያዩ ነበር።

«ኩኒሂኮ ይሰማዋል» አሉ።

«አዎ።»

«እሷም ስታድግ ትሰማዋለች።»

«አዎ።»

«ድምፁ አይጠፋም?»

ሳጥኑ እግራቸው ሥር ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ዲስኩ ከላይ ነው፤ በነጭ የወረቀት ኪሱ ውስጥ፣ በክቡ ቀዳዳ በኩል እያብለጨለጨ። እኔ አየሁት። እሳቸውም አዩት። ጠዋት ለአባባ ሽጌዞ ስናገር እሳቸው ወረቀቱን ይዘው እዚያው ቆመው ነበር።

«አይጠፋም» አልኩ። «የዚህ ካሜራ ጉድለቱ እሱ ነው።»

እማማ ፉሚኤ ጎንበስ ብለው ካሜራውን በፕላስቲኩ ጠቅልለው አስገቡ። ዲስኩን አነሡት፤ ወዲያና ወዲህ አዩት፤ ከሳጥኑ ግርጌ፣ ከመመሪያው መጽሐፍ ሥር አድርገው ክዳኑን ዘጉ። ቀና ሲሉ ፊታቸውን አላየሁም፤ ብስክሌቴን እየከፈትኩ ነበር፤ ቁልፉ አልገባ ብሎኛል።

«ለከርሞ ካርታውን እኔ ራሴ ነኝ የምሥለው» አሉ። «በየት በኩል እንደምትቀመጥ ብቻ ቀደም ብለህ ንገረኝ።»

«ፀሐይ ከኋላዬ በምትሆንበት በኩል ነው፣ እማዬ» አልኩ።